በመዝናኛ ፓርክ ግማሽ ማራቶን ለምትሮጡ የወሎ ልጆች

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ባለው የዋልት ዲዝኒ ወርልድ መዝናኛ ፓርክ በየዓመቱ በፈረንጆች ጥር (ጃንዋሪ) በሚካሄደው ግማሽ ማራቶን ለመሳተፍ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የምትዘጋጁ ሁሉ፣ ከፍጥነት በፊት በሰው መሀል መሮጥን እንድትለማመዱ አጥብቄ እመክራለሁ። የፓርኩ የውስጥ መንገድ ለጎብኚ እግር የተሠራ በመሆኑ፣ በተለይ ሯጩ በሲንደሬላ ቤተ መንግሥት በር በሚያልፍበት ቦታ እጅግ ይጠብባል። የውድድሩ ርቀት የሚለካው በመንገዱ አጭር መስመር፣ በመታጠፊያ ላይ ከጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ስለሆነ፣ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ለመቅደም ግራና ቀኝ የሚል ሯጭ ከ21.1 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጦ ይደክማል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 3 ኪሎ ሜትሮች በሕዝቡ ፍጥነት ሂዱ፤ ክፍተት ሲገኝ ብቻ፣ በአንድ ወገን፣ ቀስ ብላችሁ እለፉ። ከደሴ ከፍታ የወረደ ሰው ትንፋሹ ሲቀልለው መፍጠን ያምረዋልና ይህን ምክር አደራ።

ውሃ የምትወስዱት ሁሉም ከሚሻማበት ከመጀመሪያው ጠረጴዛ ሳይሆን ከመጨረሻው ይሁን፤ የወረቀት ኩባያውንም አፉን ቆንጠጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ እንዳይደፋ። ፎቶ ለመነሣት የምትፈልጉ እጃችሁን አንሥታችሁ ወደ ዳር ከወጣችሁ በኋላ ቁሙ እንጂ በድንገት አትቁሙ፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው ሊወድቅ ይችላል። ሆኖም አንድ ማይል (1.6 ኪሎ ሜትር ያህል) በአማካይ ከ16 ደቂቃ በላይ የሚፈጅበት ሯጭ ከውድድሩ ሊወጣ ስለሚችል፣ ቆይታችሁ አይርዘም። የፍሎሪዳ አየር እርጥበታማ፣ መሬቱም ሜዳ ስለሆነ፣ ረጅሙን ልምምዳችሁን ከሐረጎ ዳገት ይልቅ ሞቅ በሚለው በኮምቦልቻ ሜዳ አድርጉት።