ስለ ብዝኃነት ስትጽፉ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ስለ መድብለ ባህላዊነት፣ ማለትም በአንድ አገር ያሉ ልዩ ልዩ ባህሎች እውቅናና ጥበቃ ይገባቸዋል ስለሚለው አመለካከት፣ የተጻፉ የተማሪ ጽሑፎችን ሳርም አንድ ዓረፍተ ነገር አይቀርልኝም። «የመድብለ ባህል ደጋፊዎች ብዝኃነት በራሱ መልካም ነው ብለው ያምናሉ» የሚል። እኮ ማን? ስም ጥቀሱ ስላቸው ዝም ይላሉ።

እነዚህ ሰዎች ብዝኃነት ለምን ይጠቅማል በሚለው ላይ አይስማሙም። አንዳንዶቹ ጭራሽ ከነገሩም አይቆጥሩትም። ይህን ሳይለዩ የጀመሩት ጽሑፍ መጨረሻው አያምርም።

ካናዳዊው ፈላስፋ ዊል ኪምሊካ ለአናሳ ብሔረሰቦች መብት የቆመው ስለ ነፃነትና እኩልነት ብሎ ነው። ሰው መምረጥ የሚችለው ለአማራጮቹ ትርጉም የሚሰጥ ባህል ሲኖረው ነው ይላል። ብዙኃኑ ይህን ሳይለፉ ያገኙታል፤ አናሳው ግን ሊነጠቅ ስለሚችል ጥበቃ ይገባዋል። «ብዝኃነት ሁላችንንም ያበለጽጋል» የሚለውን መከራከሪያ ግን ራሱ ኪምሊካ ደካማ ብሎታል። ለብዙኃኑ የሚደርሰው ጥቅም ስስ ነው፤ ወጪው ግን አንዳንዶች ላይ ሊከብድ ይችላል።

ሌላው የፖለቲካ ፈላስፋ ቢኩ ፓሬክ ዘንድ ሂዱ፤ ነገሩ ይገለበጣል። ለእሱ ባህል ሁሉ ጎዶሎ ነው። ሌላውን ሳያይ የራሱን ጉድለት አያውቅም። ስለዚህ ብዝኃነት ብዙኃኑንም ይጠቅማል።

የፖለቲካ ንድፈ ሐሳብ ምሁሩ ቻንድራን ኩካታስስ? መንግሥት ብዝኃነትን አያስፋፋ፣ አያጥፋም፤ ዞር ይበል ባይ ነው። ሰው እንደ ሕሊናው ከመሰሎቹ ጋር ይኑር፣ መውጣት የፈለገም ይውጣ። ብዝኃነት ቢመጣ የመቻቻል ውጤት ነው እንጂ ግብ አይደለም። አንድ ተማሪ ይህንኑ ሰው «ቀንደኛ የብዝኃነት ጠበቃ» ብሎ ገጽ ሞልቶ ጻፈልኝ። ቀይ እስክሪብቶዬ አለቀ።

እንግዲህ «ብዝኃነት ይጠቅማል» ስትሉ ለማን፣ ለምን፣ እንደ ማን አባባል የሚለውን እዚያው ጻፉ።

ቀጥሎ ፈላስፋው ቻርልስ ቴይለር። እ.ኤ.አ. በ1992 ለባህሎች ስለሚሰጥ እውቅና የጻፈውን አንብበው «ባህሎች ሁሉ እኩል ዋጋ አላቸው ይላል» የሚሉ አሉ። አላለም። ለብዙ ዘመን ብዙ ሰው ያኖረ ባህል የሚያስተምረን ነገር አለው ብለን እንነሣ ነው ያለው። መነሻ ነው፤ ፍርዱ ከጥናት በኋላ ይመጣል። ሳያጠኑ ማሞገስን እንዲያውም እንደ ንቀት ያየዋል።

ባህልን ሊጠፋ እንደተቃረበና ጥበቃ ብቻ እንደሚያሻው እንስሳ የመቁጠር ስህተትም አለ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ዩርገን ሃበርማስ መልሱን ሰጥቷል፤ ባህል የሚቀጥለው ልጆቹ አይተው ሲቀበሉት ነው። እምቢ ማለትም መቻል አለባቸው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። በቡድኖች መካከል ያለውን ብዝኃነት በቡድኑ ውስጥ ካለው ጋር ማምታታት። እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዘመናዊ ኑሮ ርቀው የሚኖሩ ክርስቲያኖች የሆኑትን የዊስኮንሲን አሚሾች ጉዳይ አይቶ ነበር። ወላጆቹ ልጆቻችን ከ8ኛ ክፍል በላይ አይማሩም አሉ፤ ፍርድ ቤቱም ፈቀደላቸው። አሜሪካ አንድ ለየት ያለ አኗኗር ተረፈላት ማለት ነው። ልጆቹስ? ከዳኞቹ አንዱ ዳግላስ ከባልደረቦቹ ውሳኔ በከፊል ተለይቶ ይህንን ጠየቀ። ልጁ ፒያኖ ተጫዋች ወይም ጠፈርተኛ መሆን ቢያምረውስ? ልጆቹን ማን ጠየቃቸው?

የፖለቲካ ንድፈ ሐሳብ ምሁሩ ዊልያም ጋልስተን ሊበራሊዝም (የግለሰብ ነፃነትን የሚያስቀድመው አስተሳሰብ) ለብዝኃነት ማድላት አለበት ብሎ ለእንደነዚህ ያሉ ማኅበረሰቦች ይከራከራል። የሴቶች መብት ተሟጋች ፈላስፋዋ ሱዛን ኦኪን ደግሞ የቡድን መብት ሴቶች ላይ ምን ያደርጋል ትላለች፤ በቡድኑ ስም የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ ሽማግሌ ወንዶች ናቸውና። ተማሪዎቼ ሁለቱንም ጠቅሰው «ሁለቱም ብዝኃነትን ይደግፋሉ» ብለው ይዘጋሉ። ኧረ ተዉ! ጭቅጭቁ የማን ብዝኃነት የሚለው ላይ ነው።

ፈላስፋው ብራያን ባሪ መድብለ ባህላዊነትን ስለተቸ ባዕድ ጠል ነው አትበሉ፤ የእሱ ጥያቄ ሁሉም ለአንድ ሕግ ይገዛ ነው።

ደግሞ «ካናዳ የኪምሊካን ንድፈ ሐሳብ ፖሊሲ አደረገች» አትጻፉ። የካናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ትሩዶ የመድብለ ባህል ፖሊሲውን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። የኪምሊካ የመጀመሪያ መጽሐፍ የወጣው በ1989።