ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ፕሪባዮቲክ ከሰጣችሁ አደባለቁ ላይ ተጠንቀቁ

እንቁላል ጣይ ዶሮ ያላችሁ፣ ይቺን ልብ በሉልኝ። ፕሪባዮቲክና ፕሮባዮቲክ አንድ አይደሉም። ፕሮባዮቲክ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ነው። ፕሪባዮቲክ ግን ዶሮዋ አንጀት ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚመገቡት ነው። ከእርሾ ሕዋስ ግድግዳ የሚሠራው ማናን ኦሊጎሳካራይድ የተባለው ፕሪባዮቲክ ደግሞ ሌላም ሥራ አለው። ሳልሞኔላና ኢ ኮላይ የተባሉት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች አንጀቷ ላይ እንዳይጣበቁ ቀድሞ ይይዛቸውና ከኩስ ጋር ይወጣሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አደባለቁ ላይ ነው። ማሸጊያው ላይ በቶን 1 ኪሎ ከተባለ፣ ለ50 ኪሎ መኖ የሚደርሰው 50 ግራም ብቻ ነው። በቀጥታ መኖው ላይ ከበተናችሁት አንዷ ዶሮ ብዙ ትበላለች፣ ሌላዋ ምንም አታገኝም። መጀመሪያ ከ1 ወይም 2 ኪሎ መኖ ጋር በእጃችሁ በደንብ አዋህዱት። ከዚያ ቀሪው ላይ ጨምሩና ደጋግማችሁ አገላብጡት።

ለውጡን በማግስቱ አትጠብቁ፣ ሳምንታት ይፈጃል። ጠዋት ጠዋት ኩሱን እዩት። ጠንከር ያለና ጫፉ ነጭ ከሆነ ጥሩ ነው። የእንቁላሉ ቅርፊት ከሳሳ ግን መጀመሪያ የመኖውን ካልሲየም ፈትሹ። ክትባቱም እንዳይቀር፣ አደራ።