ፑፈርፊሽን በጨው ቀመስ ውሃ ማኖር፦ ጅማ ላሉ አርቢዎች

ፑፈርፊሽ ሲደነግጥ ውሃ ውጦ ሆዱን እንደ ኳስ የሚነፋ፣ ሁለት ዓይኖቹን ለየብቻ እያንቀሳቀሰ የሚመግበውን ሰው ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ የሚከታተል ዓሣ ነው። በቤት ውስጥ ከሚረቡት መካከል ሁለቱ፣ ማለትም ጀርባው ላይ ስምንት ቁጥር የሚመስል ምልክት ያለውና 8 ሴንቲሜትር ገደማ የሚያድገው፣ እንዲሁም አረንጓዴ ጀርባው በጥቁር ነጠብጣብ የተሞላውና 15 ሴንቲሜትር የሚደርሰው፣ መነሻቸው ደቡብ ምሥራቅ እስያ ሲሆን በተለይ ሁለተኛው ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ስፍራ ይኖራል። ብዙ ጊዜ የሚሸጡት ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ስለሆነ ገዢው እንደ ወንዝ ዓሣ ያያቸዋል፤ ለጥቂት ወራትም ደህና ይመስላሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀለማቸው እየጠቆረ፣ ሰውነታቸውም እየደከመ ይሄዳል። በአባይ፣ በኦሞና በቱርካና ሐይቅ የሚገኘው ፋሃካ የተባለው ትልቁ ዘመዳቸው ጨው ስለማይፈልግ፣ ከዚህ በታች የተጻፈው እርሱን አይመለከትም።

የሁሉም መሠረት ጨው ነው፤ ጨው ሲባል ግን ለወጥ የምንጠቀምበት አይደለም። የወጥ ቤት ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ሲሆን፣ ለባሕር ዓሣ ማርቢያ የሚዘጋጀው ጨው ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ7.8 እስከ 8.4 ባለው መጠን አጽንተው የሚይዙ ካርቦኔቶች አሉት። ይህ ጨው እንደ ቡና በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ ስላልሆነ፣ ዓሣው ከመገዛቱ በፊት ቢያንስ ለስድስት ወር የሚበቃውን ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው በኩል አስመጥቶ፣ የጅማ እርጥበት እንዳያረጋው ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ ማስቀመጥ ይገባል።

የጨዋማነት መለኪያው ሃይድሮሜትር ይባላል፤ ጨው በሌለው ውሃ 1.000 ያነባል፤ ጨው ሲጨመር ቁጥሩ ከፍ ይላል። ጋራዥ ውስጥ የባትሪ አሲድ የሚለካበት መሣሪያ ስሙ ተመሳሳይ ቢሆንም የሚያነበው እጅግ ከፍ ያለ መጠን ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ባለ ስምንት ምልክቱ ዓሣ ከ1.005 እስከ 1.008 በሆነ ውሃ ዕድሜውን ሙሉ ይኖራል። ባለ ነጠብጣቡ በዚያው መጠን ጀምሮ ሲያድግ ወደ 1.015 ከፍ ሊደረግለት ይገባል፤ ጭማሪው ግን በሳምንት ከ0.002 መብለጥ የለበትም፤ ምክንያቱም ድንገተኛ ለውጥ ዓሣውን ብቻ ሳይሆን በማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይጎዳል። 1.005 ለማግኘት በአንድ ሊትር ውሃ ከ7 እስከ 8 ግራም ጨው በቂ ሲሆን፣ ለ100 ሊትር ወደ 750 ግራም ይሆናል ማለት ነው። ጨው በቀጥታ ዓሣው ወዳለበት ውሃ ፈጽሞ አይጨመርም፤ ክሎሩ በማከሚያ ፈሳሽ በጠፋለት ውሃ በባልዲ ተበጥብጦ፣ ለአንድ ቀን አድሮ፣ ከተለካ በኋላ ነው የሚገባው።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች አጥብቀው እንዲይዙት የምፈልገው ነገር አለ። ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንም። ስለዚህ በትነት የጎደለው የሚተካው ጨው በሌለው ውሃ ሲሆን፣ በየሳምንቱ ተቀድቶ የሚወጣው ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው ውሃ ግን የሚተካው በእኩል ጨዋማነት በተዘጋጀ ውሃ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ሳያውቀው ጨዋማነቱን በየሳምንቱ ከፍና ዝቅ ሲያደርግ ይኖራል።

መስታወቱ ለትንሹ ዓሣ ከ70 ሊትር፣ ለትልቁ ከ120 ሊትር ማነስ የለበትም። ማጣሪያው ዓሣ ከመግባቱ በፊት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሠርቶ፣ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመነጩት መርዞች፣ አሞንያና ናይትራይት፣ ዜሮ መሆናቸው በመመርመሪያ መረጋገጥ አለበት። ሙቀቱ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይሁን፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ያለ ማሞቂያ ይህን መጠበቅ አይቻልም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው፤ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሙቀትና ጨውም ይቀንሱታል። ስለዚህ የአየር ፓምፕ እንደ ጌጥ የሚታይ ዕቃ አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባለ ባትሪ ፓምፕም በቤት ይኑር፤ መስታወቱንም አየር መግቢያ ትቶ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መጠቅለል ሙቀቱን ለሰዓታት ያቆየዋል።

የፑፈርፊሽ አፍ አራት ጥርሶች ገጥመው የሠሩት ምንቃር ነው፤ ምንቃሩም ዕድሜውን ሁሉ ማደጉን አያቆምም። ጠንካራ ነገር ካልሰበረበት ይረዝምና አፉን ይዘጋዋል፤ ዓሣውም ምግብ ፊቱ እያለ በረሃብ ይሞታል። ስለዚህ ዋና ምግቡ ቅርፊት ያለው ቀንድ አውጣ ነው። ከአዌቱ ወንዝ ወይም ከቦዬ ረግረግ ለቅሞ ማምጣት ቀላል ቢመስልም አጥብቄ እከለክላለሁ፤ በጅማ አካባቢ ውሃዎች የሚኖሩ አንዳንድ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያን ተሕዋስ ይሸከማሉ፤ ተሕዋሱም ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃ ውስጥ በገባ እጅ ቆዳ በኩል ወደ ሰው ይገባል። ትክክለኛው መንገድ ከሌላ አርቢ ቤት ከመጡ፣ በመስታወት ውስጥ ከተፈለፈሉ ቀንድ አውጣዎች ጀምሮ በሌላ ዕቃ፣ ጨው በሌለው ውሃ፣ በጎመንና በሰላጣ ቅጠል ማራባት ነው። ከዚህ ጋር የታጠበ የመሬት ትልና፣ ከተገኘ፣ ከነልጣጩ የቀዘቀዘ ሽሪምፕ ይሰጠዋል። ለትንንሾቹ በየቀኑ፣ ላደገው በየሁለት ቀኑ ይበቃል፤ የተረፈው ምግብ በዚያው ሰዓት ይውጣ።

የሌሎችን ዓሦች ክንፍ ስለሚነክስ ብቻውን ቢኖር ይሻላል። ሰውነቱ እንደ ሌሎች ዓሦች በቅርፊት ስላልተሸፈነ መዳብ ያለበት መድኃኒት ይጎዳዋል። ቴትሮዶቶክሲን የተባለ መርዝ በሰውነቱ ሊኖር ስለሚችልና ማርከሻ ስለሌለው፣ የሞተውን ድመት እንዳያገኘው ጠልቆ መቅበር ያስፈልጋል። ዓሣውን ከቦታ ወደ ቦታ ለማዛወር ሲፈለግ በመረብ ወደ አየር ማውጣት አይገባም፤ ደንግጦ አየር ከዋጠ መልሶ ማስወጣት ሊያቅተው ይችላል። የፕላስቲክ ጆግ ውሃው ውስጥ አጥልቆ፣ ዓሣው በራሱ እስኪገባ በትዕግሥት ጠብቆ፣ ከነውሃው ማንሳት ነው።