የቦምብ ጣይ አውሮፕላንን ራዳር ሞገድ በቸኮሌትና በማስመሪያ መለካት

በመጀመሪያ የማይክሮዌቩን የሚሽከረከር የመስታወት ሳህን ከነማዞሪያው ያውጡ። ቸኮሌቱ ከዞረ ሙቀቱ በሁሉም በኩል ስለሚዳረስ የሚለካ ነገር አይገኝም። ማዞሪያው አልወጣ ካለ ጎድጓዳ ሳህን ደፍተው ይሸፍኑት፤ ብረት ግን አይጠቀሙ። ሰፊ የቸኮሌት ዝርግ በሌላ ሳህን ላይ አድርገው በዝቅተኛ ኃይል ለ20 ሰከንድ ያህል ያሙቁና ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ወዝቶ ማብረቅ ሲጀምር ያቁሙ። በቅቤም መሞከር ይቻላል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚፈስ ነጥቦቹ ይደባለቃሉ።

ከአንዱ የቀለጠ ነጥብ መካከል እስከ ቀጣዩ መካከል ሲለካ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ የሞገዱ ግማሽ ርዝመት ስለሆነ በሁለት ያባዙት፤ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ያገኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ1940 ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ማግኔትሮን (ዛሬ በማይክሮዌቭ ምድጃ ውስጥም ያለው ሞገድ አመንጪ መሣሪያ) የሚያመነጨው ሞገድ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። የሞገዱ ማጠር ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ በአውሮፕላን ሆድ ሥር የምትሽከረከር ትንሽ አንቴና እንኳ ጠባብ ጨረር ልትልክ ቻለች። ውኃ ጨረሩን አንሸራትቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚወስደው በራዳሩ ስክሪን ላይ ይጠቁራል፤ ሕንፃዎች ግን መልሰው ስለሚልኩት ይደምቃሉ። ኤች ቱ ኤስ የተባለው ይህ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ራዳር እ.ኤ.አ. በጥር 1943 መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ በጀርመኗ ሃምቡርግ ላይ ሥራ ላይ የዋለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ኤልበ ወንዝና ወደቡ ከጨለማ ውስጥ ጎልተው የሚታዩባት ከተማ ናትና። በዚያው ዓመት ሐምሌ በተካሄደው ተከታታይ ድብደባ ከ30,000 በላይ ሰዎች አልቀዋል።

ፔርሲ ስፔንሰር የተባለው የአሜሪካው ሬይቲዮን ኩባንያ መሐንዲስ ኪሱ ውስጥ የነበረው ጣፋጭ በማግኔትሮን አጠገብ ሲቀልጥ ያየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1945 የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ የመጀመሪያው የማይክሮዌቭ ምድጃም በ1947 ለገበያ ቀረበ።

አሁን ከምድጃው ጀርባ የተጻፈውን ቁጥር ይመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ 2450 ሜጋኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 2,450,000,000 ሞገድ ማለት ነው። ያገኙትን ርዝመት በሜትር ለውጠው በ2,450,000,000 ሲያባዙት በሰከንድ 300 ሚሊዮን ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ይኸውም የብርሃን ፍጥነት ነው። ሞገዱ ከሁሉም ግድግዳ ስለሚንጸባረቅ አንዱ ልኬት 5፣ ሌላው 7 ቢሆን አይደንግጡ፤ ብዙ ነጥቦች ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። ማግኔትሮኑን ራሱን ለማየት ብለው ግን ክዳኑን አይፍቱ፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል።