በጀሪካን የተተከለ ቆስጣ፣ በማንኪያ የተለካ ዘይት

ከቅዳሜ ገበያ የምንገዛው ቆስጣ ምን ዓይነት ውሃ እየጠጣ እንዳደገ አናውቅም። ደጃፋችን ላይ የበቀለውን ግን እናውቀዋለን። ለዚህ ግቢ አያስፈልግም፤ በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ይበቃል።

ጎንደር ላይ ለመጀመር ጥሩው ጊዜ መስቀል እንዳለፈ ነው። ዝናቡ ይቀንሳል፣ ፀሐዩ ይበረታል። ያኔ የተዘራ ቆስጣ ህዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ለድስት ይደርሳል። ለጀማሪ ቲማቲም አልመክርም። ድጋፍ ይፈልጋል፣ በሽታም ቶሎ ያገኘዋል። ቆስጣ ግን ሲቆርጡት መልሶ ያወጣል።

ዕቃው። ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን በጎኑ አስተኙና የላይኛውን ሰፊ ገጽ በቢላ ቁረጡ። ከሥሩ በጋለ ሚስማር ስምንት አሥር ቦታ ብሱት። የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ፣ ቢታጠብም፣ አትጠቀሙ። ብዙ ሰው ከታች ጠጠር ይደረድራል፤ የሥሩን ቦታ ከማጥበብ በቀር ጥቅም የለውም። ቀዳዳው ላይ ቁራጭ ጨርቅ አድርጉና ጀሪካኑን ድንጋይ ላይ አስቀምጡት።

አፈሩ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ዋልካ ብቻውን ዕቃ ውስጥ ከገባ ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። ፍጉ ሽታው የጠፋና ሲያሹት የሚፈረፈር ይሁን። ትኩሱ ሥር ያቃጥላል፣ ለሚበላ ቅጠልም ንጹህ አይደለም። ድብልቁን ትንሽ አርጥባችሁ ጨብጡት። ቅርጽ ይዞ በጣት ሲነካ ከፈረሰ ደርሷል ማለት ነው።

ዘሩ። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደር። ጠዋት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥልቃችሁ፣ 20 ሴንቲ ሜትር እያራራቃችሁ ዝሩት። አንዷ የቆስጣ ዘር ውስጧ ብዙ ፍሬ ስላላት፣ ከአንድ ቦታ ሁለት ሦስት ቡቃያ ይወጣል። ጠንካራውን ትታችሁ ሌሎቹን በመቀስ ቁረጡ። ከነቀላችሁ የቀረው ሥሩ ይናጋል። የተቆረጠው ለጋ ቅጠል ሰላጣ ውስጥ ይገባል።

ውሃው። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ ውስጡ ደረቅ ከሆነ ጠዋት አጠጡ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ምስርና አትክልት የታጠበበትን ውሃ አትድፉ። ሳሙና ወይም በረኪና የነካው ግን አይሆንም። ስታጠጡ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩ። ክሽክሽ (ቅጠሉን የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ካለ በጣት እየጠረጋችሁ በውሃ እጠቡት።

ቅጠል ስትቆርጡ ከዳር ዳር ይሁን፣ መሃሉን አትንኩ። ምግቡ ሲበስል ለመቁረጥ ውጡ እንጂ ቀድማችሁ አታከማቹ። በትንሽ ውሃ ከድናችሁ አብስሉት፣ ውሃውንም አትድፉ፤ ቫይታሚኑ አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዘይቱ። በጾም ወጣችን የሚከብደው በዘይቱ ነው፤ ከጠርሙስ በቀጥታ ሲፈስ ደግሞ መጠኑ አይታወቅም። በሾርባ ማንኪያ ለኩ፤ ለአራት ሰው ድስት ሁለት ማንኪያ በቂ ነው፣ ሽንኩርቱን ጠብ በሚል ውሃ ማቁላላት ይቻላል። ጨውም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ከሆነ እሱንም ቁጠሩት።

የኩላሊት ጠጠር ያለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቆስጣ ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ቦታ ካላችሁ በሌላ ባልዲ ቃሪያ ጨምሩ። ጥሬ ቃሪያና ሎሚ በጎመኑና በሽሮው ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዲገባ ያግዛሉ። ቡና ግን ብረቱን ስለሚይዘው፣ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይፈላ።