ሰሜን ሸዋ ላይ ዓሣ ሲያረቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዓሣ ለማርባት ያሰበ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው "ጫጩት ከየት ላምጣ?" ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን "ቦታዬ ደጋ ነው ቆላ?" ብሎ መጠየቅ ነበረበት። በኛ አካባቢ ብዙው ኪሳራ የሚጀምረው ዓሣው ኩሬ ሳይገባ ነው።

ቆሮሶን ደጋ ላይ ማርባት

ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ሙቀት ወዳድ ነው። ደህና አድርጎ የሚያድገው ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብላቱን ይተዋል፤ ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ ለደብረ ብርሃን ሰው መንገር አያስፈልግም። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና የጀማ ሸለቆ ግን ለቆሮሶ ይመቻሉ። ደጋ ከሆኑ ካርፕ የተባለውን ዓሣ ይሞክሩ። ብርድ ይችላል፤ እድገቱ ግን ይዘገያል። "ደጋም ላይ በስድስት ወር ለገበያ ይደርሳል" የሚልዎትን ሰው አይመኑ።

"ብዙ ጫጩት፣ ብዙ ዓሣ" ማለት

ይሄኛው ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። ቆሮሶ ገና በጥቂት ወሯ ለመራባት ትደርሳለች። እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ውሃው ከሞቀ በየወሩ ገደማ ትደግማለች። ወንድና ሴት ቀላቅለው ከተዉት ኩሬው በጣት በሚያክሉ ዓሦች ይሞላል። ምግቡን ይሻሙና አንዱም ሳያድግ ይቀራል። በፍግ ብቻ ለሚመገብ ኩሬ በካሬ ሜትር 2 ጫጩት ይበቃል። ከተገኘ ወንድ ብቻ ይግዙ። ካልተገኘ ቆሮሶው ትንሽ ካደገ በኋላ ጥቂት የአምባዛ ጫጩት ይጨምሩ፤ የሚፈለፈለውን እየበላ ቁጥሩን ይቀንስልዎታል። አምባዛውን ቀድመው ካስገቡ ግን የገዙትን ጫጩት ይበላብዎታል!

ጫጩቱን ከሰበታው የዓሣ ምርምር ማዕከልም ሆነ ከሌላ ቦታ ሲያመጡ በማለዳ ይጓዙ። ሲደርሱም ፌስታሉን እንዳለ ኩሬው ላይ ያንሳፉት። የሁለቱ ውሃ ሙቀት እስኪመጣጠን ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብቁና ከዚያ ይፍቱት።

ሽንኩርት ላይ የሚረጨውን የተባይ መድኃኒት መርሳት

ቀወት (የሸዋ ሮቢት ዙሪያ ወረዳ) ላይ ኩሬው ከሽንኩርትና ከማሾ ማሳ አጠገብ ነው። የመርጫ ፓምፕ ቦዩ ውስጥ ታጥቦ ዓሣው በማግስቱ ሆዱን ገልብጦ ቢገኝ "ቡዳ በላው" ማለት አያስኬድም። ኩሬውን ከማሳው ከፍ ባለ ቦታ ይቆፍሩ። የጎረቤትንም የመርጫ ቀን ይጠይቁ። ለወንዝ አጥማጆች ደግሞ፦ ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መድፋት ትልቁን ብቻ አይገድልም። ጫጩቱም አብሮ ያልቃል፤ ከርሞ የሚጠመድ አይኖርም።

ፍግና መኖ ማብዛት

ውሃው አረንጓዴ ሲሆን ጥሩ ነው፤ አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ አልጌ የቆሮሶ ምግብ ነው። ክንድዎን እስከ ክርንዎ ያስገቡ። እጅዎ ገና ሳይጠልቅ ከጠፋብዎ ፍጉን ያቁሙ። ዓሦቹ ጎህ ሲቀድ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ ተርበው አይደለም፤ አየር አጥሯቸው ነው። ያን ጊዜ መኖ መጨመር ይብስባቸዋል። አዲስ ውሃ ያስገቡ።

ዓሣው ከደረሰ በኋላ ገዢ መፈለግ

ዓሣ እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዋጋ አይጠብቅም። ከውሃ ከወጣ ሰዓት ነው ያለው። ደላላው ይህን ያውቃል፤ ለዚህ ነው ከሰዓት በኋላ መጥቶ ዋጋ የሚሰብረው። ከማውጣትዎ በፊት ከምግብ ቤቶች ጋር ይነጋገሩ፤ የተፈለገውን ያህል ብቻ አውጥተው ሌላውን በሕይወት ያቆዩ። ቆላ ላይ መስከረም የገባ ጫጩት የሁዳዴ ገበያ ላይ ይደርሳል። በጾም ዓሣ የሚበላውም የማይበላውም አለ፤ ፈላጊው ግን ያኔ ይበዛል።

በብዙ ቤት ኩሬውን የምትመግበው ሴቷ ሆና ሂሳቡን የሚይዘው ባል ነው። የዓሣ አርቢዎች ማኅበር ሲመሠረት ስሟ መዝገቡ ላይ ካልገባ በኋላ ማስገባቱ ጭቅጭቅ ነው።

ሁሉንም ሸጦ መጨረስ

ትልልቁ ሆቴል ይሂድ፤ ገበያ የማይፈልገው ትንንሹ ለቤት ይቅር። ፕሮቲኑ ከትልቁ አያንስም። በደንብ ደርቆ ከአጥንቱ ጋር ከተፈጨ ካልሲየምም አለው። ስድስት ወር ላለፈው ሕፃን ዱቄቱን ነፍተው ገንፎው ላይ ጥቂት ጣል ያድርጉ። ትኩሱን ከሰጡ ግን እሾሁን በጣትዎ ዳስሰው አንድ በአንድ ያውጡ።