የሙቀት ወቅት ጎማ በብርድ ጠዋት

መኪናችሁ ላይ ለሙቀት ወቅት የተሠራ የስፖርት ጎማ ካለ፣ ለመጠንቀቅ በረዶ እስኪጥል አትጠብቁ። አስፋልቱ ደረቅ ቢሆንም እንኳ፣ አየሩ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሲወርድ ጎማው መንገድ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ላስቲኩ የተቀመመው ሲሞቅ እንዲለሰልስና አስፋልቱን ጥብቅ አድርጎ እንዲይዝ ነው። ሲቀዘቅዝ ግን ድርቅ ይላል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው። መኪናው ብርድ ላይ አድሮ ጠዋት ስትነሱ፣ ትናንት ከሰዓት በቀላሉ ያለፋችሁት ኩርባ ዛሬ ሊያንሸራትታችሁ ይችላል። ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ርገጡ። ፍሬን ቀደም ብላችሁ ያዙ። ከፊታችሁ ካለው መኪና ራቅ በሉ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) አለኝ ብላችሁም አትዘናጉ፤ ጎማው የሌለውን አቅም ሊፈጥርለት አይችልም።

ንፋሱንም ለኩ፣ ጎማው ሳይሞቅ። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ የጎማው ንፋስ በ2 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል።

ብርዱ ከዜሮ በታች በደንብ ከወረደ ደግሞ መኪናውን ባታንቀሳቅሱት ይሻላል። አንዳንዱ የስፖርት ጎማ በዚያ ብርድ ሲንከባለል ጥርሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። የተሰነጠቀ ጎማ ደግሞ መቀየር እንጂ ሌላ መላ የለውም። ብርዱ የሚሰነብት ከሆነ የብርድ ወቅት ጎማ አስገቡ፣ አራቱንም። ሁለቱን ብቻ ከቀየራችሁ የፊትና የኋላው አያያዝ ይለያያል፤ ይሄ ኩርባ ላይ አደገኛ ነው። ያወለቃችሁትን ጎማ ደረቅ፣ ፀሐይ የማያገኘውና ብርድ የማይበረታበት ቦታ አስቀምጡት።